ለአንድ ሰው የሚሆን የውሃ ጎማ

ጎንደር መስታወት የለበሰችው በቅርቡ ነው። ድሮ ቤቱ ድንጋይ፣ መስኮቱ ሳንቃ ነበረና መስኮት የሚያሳጥብ ሰው ቢገኝ ጤንነቱ ይጠረጠር ነበር። አሁን ግን ባንኩም ሆቴሉም ከእግር እስከ ራሱ መስታወት ተከናንቦ ይቆምና የበጋው አቧራ ሲጫነው ሰው ይፈለጋል። ፒያሳ ላይ ተፈልጎ የሚመጣው ካሣዬ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ «ካሣዬና ፈጠነ» ነበር የሚባለው፤ ሁለቱ ስም እንደ አንድ ስም ሆኖ ነበር የሚጠራው።

የሥራ ዕቃቸው ብዙ አይደለም። እየተመዘዘ የሚረዝም ቀላል ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ብሩሽ ተተክሎበታል፣ ውሃው በዘንጉ ሆድ አልፎ በብሩሹ መሐል ይወጣል። ጋሪ ላይ ውሃ የሚያዝበት ሮቶ፣ ከሮቶው ሥር ደግሞ ትንሽ ፓምፕ አለ። ከፓምፑ እስከ ዘንጉ ውሃውን የሚያደርሰው የውሃ ጎማ ነው። ዘንጉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያደንቃል። ጎማውን የሚያደንቅ የለም፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነገር ማን ልብ ይለዋል? ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም ግን በእሱ ነው። ከታጠፈ፣ ባጃጅ ከቆመበት፣ የደረጃ ጥግ ከያዘው ውሃው ቀጥ ይላል፤ ብሩሹም ደረቅ አቧራ ይዞ መስታወቱን ይፍቃል።

ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ካሣዬ ዘንጉን ይዞ አንገቱን ይሰቅላል፤ ፈጠነ ከኋላው ጎማውን እያነሳና እያሳለፈ ይመራል፣ ፓምፑንም ይከፍታል ይዘጋል። የሚነጋገሩት በአፍ አልነበረም፤ የፒያሳ ባጃጅ መቼ ያነጋግራል? በጎማው ነበር። ካሣዬ አንዴ ሳብ ካደረገው ዝጋ ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሳበው ልቀቅ። አንዳንዴ ደግሞ ከኋላ ቀስ ያለች አንዲት ስበት ትመጣለች። ይህችን ካሣዬ «አለሁ» ማለት ነው ብሎ ለራሱ ተርጉሟታል፤ ፈጠነን ጠይቆት አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ላይ እያለ ወደ ኋላው ዞሮም አያውቅም። መዞር አላስፈለገውም።

ፈጠነ ቤተ እስራኤል ነው። ወገኖቹ ከአምቦበር ተነሥተው አንድ ባንድ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ እሱ ከተማ ገብቶ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ዛሬ ነገ ሲባል ፀጉሩ ሸበተ። ነገ እሄዳለሁ የሚል ሰው ቤት አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም፤ ፈጠነ ግን እየጠበቀ መስታወት አጠበ። ዘንጉን ያመጣለት ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከእስራኤል የመጣ አጎቱ ነው። በኋላ ተራው ደረሰና፣ በኅዳር፣ ዘንጉን ለካሣዬ ትቶ ሄደ።

ሰው ሲሞት ወጉ ይታወቃል። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይባላል። ጓደኛው በሕይወት እያለ ለሄደበት ሰው ግን ወግ አልተበጀለትም። ጭራሽ «እንኳን ደስ አለህ፣ ጓደኛህ ተሳካለት» ይሉታል። ካሣዬም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ይላል። ሌላ ምን ይበል? ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ አንድ ልጁ አይከል ከተማ ተድራ የራሷን ኑሮ ይዛለች። ማታ ቤቱ ሲገባ ቀኑን የሚያወራለት ሰው የለውም፤ ድሮም ቢሆን የሚያወራው ሥራ ላይ፣ ያም በጎማ ነበር።

ልማድ ደግሞ ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ አይሄድም። ፈጠነ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ካሣዬም የእነ ፈጠነን እርድ አይበላም፤ ስለዚህ ሥራ ቦታ ምሳቸው ጠብ የሌለበት ሽሮ ነበር። ካሣዬ እስካሁን ሽሮ ነው የሚያዘው። አስተናጋጇ «ገና አልፎ ፍስክ ነው እኮ» ብትለው «አውቃለሁ» ብሎ ይበላል። ቅዳሜ የፈጠነ ሰንበት ነበር፣ እሁድ የካሣዬ። አንዱ ያለ ሌላው መሥራት ስላልቻለ ሁለቱንም ቀን ሁለቱም ያርፉ ነበር። ካሣዬ አሁንም ቅዳሜ አይሠራም። ጎረቤቶቹ «እሱ ኢየሩሳሌም ገባ፣ አንተ እዚሁ ሆነህ ሃይማኖቱን ወረስክ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ቅዳሜ ግን አይሠራም።

የድሮው ጎማ ከገና በኋላ ፈነዳ። በመኪና ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠግኖ፣ ጥገናው ላይ ሌላ ጥገና ተደርቦበት እስከዚያ መቆየቱም ለፈጠነ እጅ ክብር ነው። በዚያው ሰሞን ትዕግስት አስጠራችው። ትዕግስት ፒያሳ ጥግ ላይ ያለው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ክፉም ያልሆነች።

«ጋሼ ካሣዬ፣ ጥምቀት ዘንድሮ ሰኞ ነው» አለችው። «እንግዶቹ ቅዳሜ ማታ ይገባሉ። የፊት ለፊቱ መስታወት በሙሉ እስከ ዓርብ ታጥቦ ማለቅ አለበት። አሁን ብቻዎን እንደሆኑ ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ፒያሳ እኮ ነው» አለች። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ከባሕር ዳር በገመድ እየተንጠለጠሉ የሚያጥቡ ልጆች አሉ። ባለቤቱ እነሱን እናምጣ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ መጀመሪያ ጋሼ ካሣዬ ይሞክሩ ያልኩት።»

ካሣዬ ነገሩ ገባው። የባሕር ዳሮቹ አንድ ጊዜ ከመጡ፣ ባለ ባንኩ አይቶ ይጠራቸዋል፣ ከዚያ ባለ መድኃኒት ቤቱ። ሌላ ሙያ የለውም፤ ትክል ድንጋይ በሚባለው አገር ያለውን የእርሻ መሬት ለወንድሙ ከተወ ዘመን ሆኖታል። «አጥበዋለሁ» አለ።

ጎማ ሊገዛ ወደ ሐረገወይን ወረደ። ሐረገወይን ከፒያሳ ቁልቁል ሲኬድ የሕንፃ ዕቃ መደብር አላት፤ ሚስማሩንም ቧንቧውንም በስሙም በባሕሪውም የምታውቅ ሴት ናት። ካሣዬ እዚያ ሱቅ ሺህ ጊዜ ሄዷል፤ ሁሌ ግን በር ላይ ቆሞ ሰው እያየ ነበር። የሚመርጠው ፈጠነ ነበር። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ዕቃ በእጁ ሳያጣጥፍ አይገዛም፤ ጎማውን እጥፍ አድርጎ ይይዝና ሲለቀው ቀጥ ካላለ «ይሄ ቂመኛ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ለፈጠነ ደውሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን «የትኛውን ጎማ ልግዛ?» ያለ ሰው «ማን ይይዝልሃል?» መባሉ አይቀርም። ካሣዬ ይህን ጥያቄ በስልክ መስማት አልፈለገም።

«ና ግባ አያ ካሣዬ» አለች ሐረገወይን። «ምነው ጠፋህ?»

«ጎማ ፈልጌ ነው። ለመስታወቱ።»

ሐረገወይን ቀድማ እጇን የጣለችው ግድግዳው ላይ በተጠቀለለ ቀጭን ቢጫ ጎማ ላይ ነበር። ገበሬ ሰብሉ ላይ መድኃኒት የሚረጭበት ዓይነት ነው፤ ጎማው ውስጥ ለውስጥ ክር ስላለው ጠንካራ ነው፣ አይታጠፍም። ከጎኑ ወፍራሙ አረንጓዴ የጓሮ ጎማ አለ፣ የድሮው ወንድም።

«ምርጫው ቀላል ነው» አለች። «ወፍራሙ ውሃ በደንብ ይሰጥሃል፤ ግን ይከብዳል፣ ይታጠፋል፣ ከኋላ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ቀጭኑ ውሃው አነስ ይላል፣ ለአንድ ብሩሽ ግን ይበቃል። በየሄድክበት ይከተልሃል፣ ጥግ አይዘውም። አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል።» ቀና ብላ አየችውና «ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት?» አለችው።

እንግዲህ ሰው ሲዋሽ ሌላው የማያውቀውን ነገር ነው የሚዋሸው። የፈጠነን መሄድ ጎንደር ሁሉ ያውቃል። ካሣዬ ግን አፉን ከፈተና «ሁለት ነን» አለ።

ሐረገወይን አልሳቀችም፣ አልጠየቀችም። «ሸጋ ነው» አለች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።» ወፍራሙን ለክታ ቆረጠችለት። ካሣዬም ያን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ረቡዕ ጠዋት ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ጋሪውን አቆመ። ጎማውን ዘረጋ፣ በሁለቱም ጫፍ ገጠመ፣ ፓምፑን ከፍቶ ዘንጉን አነሳ። የመጀመሪያው መስታወት ሸጋ ሆኖ ወጣለት። ውሃው ከላይ እንደ ቀጭን መጋረጃ ሲወርድ ሰማዩ መስታወቱ ላይ ጠርቶ ታየ። «ይኸው» አለ ለራሱ። ወደ ሁለተኛው ተራመደ። ውሃው ቆመ።

ካሣዬ ዓይኑን ከብሩሹ ሳያነሳ ጎማውን ሁለቴ ሳብ አደረገና ጠበቀ።

አንገቱን ሰቅሎ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ድሮው ጠበቀ። ውሃው አልመጣም። እንደገና ሁለቴ ሳበ። ትንሽ ቆይቶ ነው እጁ ምን እንደሠራ የታወቀው። ቀስ ብሎ ዞረ። ጎማው ከደረጃው ጥግ ላይ ታጥፎ ተኝቷል፤ ከኋላው ጋሪው አለ፣ ከጋሪው ጎን ማንም የለም። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ጎማውን ተሻግራ አለፈች።  ጓደኛው የሄደው በኅዳር ነበር፤ ለካሣዬ የሄደው ግን ያን ዕለት፣ ያ ጎማ መልስ ሲያጣ ነው።

ዘንጉን ግድግዳ አስደግፎ ሄዶ ዘረጋው፣ ተመለሰ፣ ያዘ፣ አጠበ። ሦስት እርምጃ ሲሄድ ደግሞ ታጠፈ። ቀኑን እንዲሁ ከዘንጉ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ዘንጉ ሲመላለስ ዋለ። ባጃጅ ረገጠበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚባለው እውነት ነው። ሲመሽ ያለቀው ከሕንፃው አንድ ጎን እንኳ አልሞላም ነበር።

ትዕግስት ወጣች። ከውስጥ ሆና ስታየው እንደዋለች ከፊቷ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ እስከ ዓርብ አያልቅም» አለች።

«አያልቅም» አለ።

«ቅዳሜን ይጨምሩበት። እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ከሠሩ ይደርሳል፤ ለባለቤቱ እኔ እነግረዋለሁ።»

ካሣዬ እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ። መዳኛው መጣለት፤ አዎ ብቻ ማለት ነበረበት። «ቅዳሜ አልሠራም» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ቅዳሜ አልሠራም ልጄ።»

«እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ምን ብሎ ይንገራት? ቅዳሜ የሚያርፍለት ሰው ባሕር ተሻግሯል። ቅዳሜም ከሠራ፣ ከፈጠነ የቀረለት ነገር ሁሉ አለቀ፤ ሽሮው ሽሮ ነው፣ ጎማው ጎማ ነው። ይህ ለሥራ አስኪያጅ የሚነገር ምክንያት አይደለም። «ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ካልጨረስኩ የባሕር ዳሮቹን ጥሪያቸው» አለና ዕቃውን ሰበሰበ።

ሐረገወይን ሱቋን ልትዘጋ ስትል ደረሰ። እርጥቡን ወፍራም ጎማ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ በሩ ላይ ቆመ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደሚል ሲያሰላስል ነበር፤ ጎማው ቀዳዳ አለው ልበል፣ አጠረ ልበል ሲል ነበር። እሷን ሲያይ ግን ሁሉም ጠፋበት።

«ሐረገወይን» አለ። «አንድ ነኝ።»

ሐረገወይን የያዘችውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቁጭ በል» አለችው። አልተቀመጠም። ቢጫውን ጎማ ከግድግዳው አውርዳ በክንዷ ትለካ ጀመር፤ ለካች፣ ለካች፣ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆረጠች። ስንት ሜትር እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም። ጫፉን በፓምፑ አፍ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ፋሼታም ጨመረችለት።

«ያንን እዚህ ተወው» አለች ወፍራሙን። «ጓሮ የሚያጠጣ ሰው አይጠፋም።»

«የተቆረጠ ይመለሳል እንዴ?»

«ያንተ ይመለሳል።»

ካሣዬ አንደኛውን ጫፍ ይዞ እጥፍ አደረገውና ለቀቀው። ጎማው ወዲያው ቀጥ አለ። ቂም የለበትም፣ ፈጠነ ቢሆን ይወደው ነበር።

ሐሙስና ዓርብ ሥራው እንደ ውሃው ፈሰሰለት። ቀጭኑ ጎማ በደረጃው ጥግ ዞሮ፣ በአበባው ማሰሮ ሥር ሾልኮ ይከተለዋል። አይከብድም፣ አይያዝም። ውሃው አንድ ጊዜም አልቆመም። ካሣዬ ወደ ኋላው መዞር አላስፈለገውም፤ ይህ ነበር ደግሞ የከፋው። ወፍራሙ እየታጠፈ ሲያስቸግረው የሚጠብቀው ሰው ያለ ያህል ነበር። ይህኛው ሰው አይፈልግም። ጎበዝ ጎማ ነው፣ ብቸኛ ጎማ ነው፤ ካሣዬ እያመሰገነ ጠላው።

ዓርብ ፀሐይ ልትገባ ስትል የመጨረሻውን መስታወት ከላይ እስከ ታች አወረደው። እጁ በልማዱ ጎማውን አንዴ ሳብ አደረገ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ፓምፑን ዘጋው። ትዕግስት ከደጅ ቆማ ሕንፃውን ቀና ብላ አየች። «ለሚያዝያም፣ ለፋሲካ፣ እርስዎ ነዎት» አለችው። እሱም «እግዜር ያክብርሽ» ብሎ ጋሪውን እየገፋ ወደ ቤቱ ሄደ። ቅዳሜን ደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ አብሯቸው ሳቀ።

እሁድ ከተራ ነበር። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ታቦታቱን ለማጀብ ቁልቁል ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይጎርፋል። ካሣዬም ነጠላውን አጣፍቶ ከሰዉ ጋር ይወርድ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ መሐል ሆኖ በስሙ የሚጠራው ሰው አልገጠመውም። ሆቴሉ ፊት ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ፈጠነ ነበር። ካሣዬ ከሰልፉ ወጥቶ ካጠበው መስታወት ሥር ጥግ ያዘ።

«እንኳን አደረሰህ» አለ ፈጠነ። «ታቦት ወጣ?»

«እየወጣ ነው። አንተስ፣ የቋንቋው ትምህርት የለህም ዛሬ?»

«እሁድ አይደል እንዴ» አለ ፈጠነ።

ባለፈው ሲያወሩ እዚያ አገር እሁድ የሥራና የትምህርት ቀን እንደሆነ ራሱ ፈጠነ ነበር የነገረው። ካሣዬ አስታወሰ። እንግዲህ ፈጠነም እዚያ ሆኖ እሁድን ያርፋል።

«ሥራውስ?» አለ ፈጠነ። «ያ ጎማ መቼም ብዙ አይቆይም። ለወጥከው?»

«ለወጥኩት።»

«የትኛውን ወሰድክ?»

ከበሮው እየቀረበ መጣ። ካሣዬ ሌላኛውን ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ። ዋሽቶ ወፍራሙን ቢለው ማን ያውቅበታል? ለሐረገወይን የዋሸው ውሸት ግን ገና ጆሮውን ያግለዋል።

«ቀጭኑን» አለ። «ለአንድ ሰው የሚሆነውን።»

ካሣዬ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮው አስጠጋ። 

«እሱ ነው ትክክለኛው» አለ ፈጠነ።  «ልሄድ ስል እሱኑ ልገዛልህ ሐረገወይን ጋ ሄጄ ነበር። ከጋሪው እስከ መስታወቱ ጥግ ስንት እንደሚሆን አስቤ ርዝመቱን ነገርኳት። ከዚያ ቁረጪው ማለት አቃተኝ። ከቆረጠችው መሄዴ ነው ብዬ። ባዶ እጄን ወጣሁ።»

ሐረገወይን ርዝመቱን ለምን እንዳልጠየቀችው ካሣዬ ያን ጊዜ ገባው። ታቦቱ ጥግ ዞሮ ብቅ ሲል ሕዝቡ እልል አለ፤ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ መለሰ። ካሣዬ ነጠላውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ልክ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ርዝመቱ። አልበዛም፣ አላነሰም።»